ዘግይታ የደረሰች ወረቀት

ሐጂ የደወሉልኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰላምታ አላስቀደሙም፤ እሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አንቺ ልጅ፣ ኮምፒውተርሽ አራት ጣቃ አረንጓዴ ጨርቅ ለሁለት ሰው ሸጦልኛል» አሉኝ።

ሐጂ የመጋረጃ ጨርቅ አስመጪ ናቸው። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሱቅ አላቸው። ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ያለው ላይ ራሳቸው ይቀመጣሉ፤ ሌላውን፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን፣ ትልቋ ልጃቸው ትይዘዋለች። ጨርቁ ራሱ ግን ያለው ጎጃም በረንዳ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ደንበኛው ሱቅ ገብቶ ናሙና ያያል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ ጋሪ ይዞ መጋዘን ሄዶ ይጭናል። እኔ ሦስቱን ቦታዎች የሚያገናኘውን ፕሮግራም የጻፍኩ ሰው ነኝ።

ፕሮግራሙን ስሠራ ያስጨነቀኝ የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥ ነበር። ስለዚህ ሦስቱም ቦታ የየራሱ ኮምፒውተር፣ የየራሱ መዝገብ አለው። ሱቁ ሊሸጥ ሲል ለመጋዘኑ «ያዝልኝ» የሚል መልእክት ይልካል። መጋዘኑ «ይዣለሁ» ብሎ ከመለሰ ሱቁ ይሸጣል። መልሱ ከዘገየ ደግሞ ሱቁ ተስፋ ይቆርጥና «ሰርዝ» ብሎ ይልካል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አረንጓዴውን የገዙት ከቡታጅራ የመጡ ሴት ነበሩ። ጋሪ ቀጥረው መጋዘን ሲደርሱ ጨርቁን ሌላ ሰው ጭኖ ሄዷል። ሐጂ ሲያናግሩኝ የሴትየዋ ድምፅ ከኋላ ይሰማኝ ነበር፤ አይጮኹም፣ ዝም ብለው ያንኑ ይደጋግማሉ፦ «ታዲያ ከፍዬ አልነበር? ታዲያ ከፍዬ አልነበር?»

ኔትወርክ ነው አልኩ። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ያልገባንን ሁሉ የምናላክክበት ነገር ነው። ሱቁ መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ አረዘምኩት፤ ቢሮዬ ውስጥ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሠራ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እንደገና ተከሰተ። አሁን የደወለችልኝ ልጃቸው ናት።

«አባቴ ምንም አላለም» አለችኝ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮዬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ የጻፍኩትን ኮድ መስመር በመስመር አነበብኩ። የሱቁ ክፍል ልክ ነው። የመጋዘኑም ልክ ነው። በየቦታው ለየብቻው የሚሠራ ነገር ክፋቱ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ትክክል ሆኖ ስህተቱ የሚፈጠረው መልእክቶቹ በሚደርሱበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። የእኔ ሙከራዎች ደግሞ የሚሞክሩት እኔ ያሰብኩትን ቅደም ተከተል ብቻ ነበር።

እሑድ ሱቆቹ ዝግ ስለሆኑ ሐጂን፣ ልጃቸውንና የመጋዘን ኃላፊዋን መጋዘን እንዲመጡልኝ ለመንኩ። ኃላፊዋ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያው የሠሩ ሴት ናቸው። የትኛው ጣቃ የት እንዳለ ሳያዩ ይናገራሉ። ኮምፒውተሩን የተቀበሉት ደስ ብሏቸው አልነበረም።

«ዛሬ ኮምፒውተር የምትሆኑት እናንተ ናችሁ» አልኳቸው።

«እኔ አልሆንም» አሉ እትዬ። «እኔ ሰው ነኝ።»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ እትዬ።»

ሐጂን በአንድ ጥግ፣ ልጃቸውን በሌላው ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጣቃ ላይ አስቀመጥኳቸው። እትዬ መሀል ላይ ሆኑ። ለሁሉም ብጣሽ ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠሁ። ሕጉ፦ መነጋገር የለም፣ መተያየት የለም፣ የምታውቁት እጃችሁ ላይ የደረሰውን ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ኔትወርኩ ነኝ፤ ወረቀቱን አመላልሳለሁ፤ ካሰኘኝም አዘገያለሁ።

ሐጂ ገና ከመጀመሩ ዞር ብለው አዩ።

«ማየት የለም፣ ሐጂ።»

«በገዛ መጋዘኔ?»

ልጃቸው ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠች ሳቀች። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ምንም አላሳዩንም። ሐጂ ይጠይቃሉ፣ እትዬ «ይዣለሁ» ብለው ይጽፋሉ፣ ልጅቱ ስትጠይቅ «የለም» ይባላል። ተስፋ እየቆረጥኩ ነበር።

ከዚያ በአንዱ ዙር ሐጂ መልስ ዘገየባቸውና «ሰርዝ» ብለው ሰጡኝ። ወዲያው ደንበኛው ተመለሰ ብለው እንደገና «ያዝልኝ» ጻፉ። እኔ ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ ይዤ ስሄድ አዲሱን «ያዝልኝ» ቀድሜ ሰጠሁ፤ «ሰርዝ» የምትለዋ መዳፌ ውስጥ ቀረች። እትዬ «ይዣለሁ» ብለው መለሱ፤ ሐጂም ሸጡ። ያቺ ወረቀት እጄ ላይ እንዳለች ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለእትዬ ሰጠኋቸውና ወዲያው፦

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፣ ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

እትዬ ወረቀቷን አልለቀቁም። አንዴ እሷን፣ አንዴ መዝገባቸውን አዩ።

«የትኛውን ነው የምሰርዘው?» አሉኝ። «ሐጂ ሁለቴ ‹ያዝልኝ› ብለውኛል። ይቺ የፊተኛውን ነው ወይስ የኋለኛውን የምትሰርዘው? አልተጻፈባትም እኮ።»

አጠገቤ ያለ ጣቃ ላይ ተቀመጥኩ። የእኔ ፕሮግራም ይህን ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። «ሰርዝ» ከተባለ፣ በዚያ ሱቅ ስም የተያዘውን ጨርቅ ዝም ብሎ ይለቅቃል። የተለቀቀውን ጨርቅ ሁለተኛው ሱቅ ይጠይቃል፣ መጋዘኑም «ይዣለሁ» ይላል። ለሁለት ሰው ተሸጠ ማለት ነው።

ሐጂ ዞረው ያዳምጡ ነበር። «እና እትዬ ሲጠይቁ ማሽኑ ለምን አልጠየቀም?»

«እንዲጠይቅ አላደረግኩትም፣ ሐጂ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሐጂ ከጣቃው ተነሱ። «አሁን አገኘሽው?»

«አንዱን አገኘን።»

«አንዱን?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ መጀመሪያውኑ መሥራት የነበረብኝን ሥራ ጀመርኩ። ያንን የእሑዱን ጨዋታ ትንሽ ፕሮግራም አድርጌ ጻፍኩት፤ ሁለት ሱቅ፣ አንድ መጋዘን፣ በመሀል የሚዘገዩና የሚቀዳደሙ ወረቀቶች። ጨርቅ የለም፣ ቀለም የለም፣ ዋጋ የለም። ከዚያ ሊኖር የሚችለውን ቅደም ተከተል ሁሉ ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ እንዲሞክር፣ አንድ ጣቃ ለሁለት ሰው የሚሸጥበት መንገድ ካገኘ ቆም ብሎ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። ሻይ አዝዤ ሻዩ ሳይመጣ፣ እትዬ ያገኙትን ያንኑ መንገድ ደረጃ በደረጃ አወጣልኝ።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር ሰጠሁ፤ «ሰርዝ» የራሱን ቁጥር ብቻ እንዲሰርዝ አደረግኩ። ደስ ብሎኝ እንደገና አስኬድኩት። ሌላ መንገድ አገኘ። ሱቁ መብራት ሄዶበት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቁጥሩን ረስቶ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ የድሮ «ሰርዝ» አዲሱን «አንድ» ያጠፋዋል። ይህን እኛ አራታችን ጣቃ ላይ ተቀምጠን ዓመት ብንጫወት አናገኘውም ነበር። መልእክቱ ከመላኩ በፊት ቁጥሩ የማይጠፋ ቦታ እንዲጻፍ አስተካከልኩ።

በሦስተኛው ምንም አላገኘም። አላመንኩትም። ያስተካከልኩትን ሆን ብዬ አበላሽቼ አስኬድኩት፤ አገኘው። መልሼ ሳስተካክለው ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ነው ሦስት አሮጌ ላፕቶፕ ቢሮዬ ወለል ላይ ደርድሬ፣ በእውነተኛው ፕሮግራም ላይ ገመድ እየነቀልኩ መፈተን የጀመርኩት።

ሐጂ ለቡታጅራዋ ሴት ሌላ አረንጓዴ አስመጥተው በራሳቸው ማጓጓዣ ላኩላቸው። ከእኔ ሒሳብ ላይ እንዲቆረጥ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ሥራሽን ሥሪ» ብለው ስልኩን ዘጉት። እትዬ ደግሞ አንድ ለውጥ ጠየቁኝ። መጋዘኑ ያልገባው መልእክት ሲደርሰው ዝም ብሎ ከመወሰን ሰው እንዲጠይቅ። ሠራሁላቸው፤ ስክሪናቸው ላይ ቢጫ መስመር ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጣቃ ለሁለት ሰው አልተሸጠም። ባለፈው ክረምት ሁለት ጣቃ ጠፍቶ ሐጂ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የደወሉት ለእኔ ነበር። ላፕቶፔን ይዤ ጎጃም በረንዳ ስደርስ እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ተመለሽ» አሉኝ። «የአንቺ አይደለም። ሲራገፍ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ። ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ።»

ዝናብ ስለነበር ግን አልተመለስኩም። እስኪያባራ ድረስ አብረን እንደገና ቆጠርን።