የረገፉት አራት ገጾች

መጽሐፉን ያወቅሁት ከሩቅ ነው። በጅቡቲ ከተማ መሃል አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ አለ፤ ከጥላ ሥር ላስቲክ አንጥፎ የፈረንሳይኛ የትምህርት ቤት መጻሕፍትና ያለፈበት የመኪና መጽሔት ይደረድራል። ከእነዚያ መካከል በአንድ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አንዲት ስስ የብር ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ እጁ በበዛ አውሬ ወገቧን ተይዛ፣ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትጮኽ ከርማለች ማለት ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የተመረቀ ሰሞን። መጽሐፉን አነሳሁና ሽፋኑን እንኳ በወጉ ሳላይ ገልብጬ መጨረሻውን ተመለከትኩ። ገጾቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። መልሼ ማስቀመጥ አቃተኝ፤ ሻጩም ነገሩ ገብቶት ሳይሆን አይቀርም፣ የጠራውን ዋጋ አንዲት ፍራንክ አልቀነሰልኝም።

ጅቡቲ የገባሁት በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999፣ በሃያ ዓመቴ ነው። አባቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ በልጅነቴ አስተምሮኛል። ይህ ግን ሰው ቤት ለምታድር ሠራተኛ ያን ያህል አይጠቅምም። ማዳም እኔን የምታናግረኝ በትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ለትእዛዝ ደግሞ ሃያ ቃል ይበቃል። አንድ ቀን ከእሷ በፊት በቤቱ የኖሩ ሰዎች ትተውት የሄዱትን አንድ ካርቶን መጽሐፍ አሳየችኝና ጣይው አለችኝ። አልጣልኩትም፤ ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

በርካሽ ወረቀት የታተሙ፣ ኪስ ውስጥ የሚገቡ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጡ የሳይንስ ልብ ወለዶች ነበሩ። የጅቡቲ ሙቀት ሙጫቸውን አቅልጦት፣ ሲከፈቱ ገጾቻቸው እጅ ላይ ይረግፋሉ። ጽሑፋቸው ቀላል ነው፤ ማንም ሰው ከሁለት መስመር በላይ አያስብም፣ ወዲያው ወይ ይተኩሳል ወይ ይሸሻል። እኔ ግን ወደድኳቸው። ቀኑን ሙሉ ወለል ስወለውል ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ማዳም ስትተኛ ወደ ከዋክብት እወጣ ነበር።

የእረፍት ቀናችን አርብ ነው። ዘጠኝ ሆነን ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን ነበር። ስድስቱን ቀን ተቆልፋ ትከርማለች፤ አርብ ከየቤቱ እንመጣና እንከፍታታለን። ስድስት ቀን የሰው ደጅ ያደረች ሴት አንድ ቀን ማንም ሳይጠራት እግሯን የምትዘረጋበት ቦታ ያስፈልጋታል። እዚያ ፀጉር እንሠራራለን፣ እንተኛለን፣ በትንሽ ትልቁ እንጣላለን። ቀትር ላይ ጫቱ ከገባ በኋላ ሁሉም ለመቃም ተቀምጦ ሰፈሩ ጭጭ ስለሚል፣ ለወሬ ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም።

አንድ አርብ ከመጽሐፎቹ አንዱን ይዤ ሄድኩና እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸው ጀመር። በሚቀጥለው አርብ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ “ተማሪዋ፣ ያንን ነገር አምጥተሻል?” አሉኝ። ተማሪዋ የሚሉኝ ሲያሾፉብኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ስሙ ሳይታወቃቸው ማክበሪያ ሆነ። የመቀመጫዬም ነገር ተለወጠ፤ ከበሩ አጠገብ፣ ፀሐዩ ከሚመታው ቦታ አንስተው ማራገቢያው ሥር አስቀመጡኝ። ጅቡቲ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም።

የብር ቀሚሷን ሴትዮ መጽሐፍ ያነበብኩላቸው በሦስት አርብ ነው። አንድ ቤተሰብ ፀሐይዋ የማትጠልቅ፣ አሸዋ የማያልቅባት ፕላኔት ላይ ይሰፍራል። “ይቺማ ጅቡቲ ናት” አለች አንዷ። ቤተሰቡ ሴት ሮቦት አለችው፤ አሸዋውን ትጠርጋለች፣ ታበስላለች፣ ሕፃን ልጃቸውን ታሳድጋለች። አትበላም፣ አትተኛም።

“የእረፍት ቀንስ?”

“የላትም።”

“አርብም?”

“አርብም የላትም።”

ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ማሽን አላላትም፤ “ያቺ ልጅ” እያሉ ነበር የሚጠሯት። ሽፋኑ ላይ የምትጮኸውን የቤቱን እመቤት ዘወር ብሎ ያያት የለም።

ወደ መጨረሻው ላይ ቤተሰቡ ፕላኔቷን ለቅቆ ለመሄድ ይነሳል። መንኮራኩሩ ጠባብ ነው፣ ሮቦቷን የሚይዝ ቦታ የለውም። “እስክንመለስ ቤቱን ጠብቂ” ይሏትና ቁልፉን ሰጥተዋት ወደ ሰማይ ይወጣሉ። እሷ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። እዚህ ላይ መጽሐፉ አለቀ። ማለቁ እንኳ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ረግፈው የት እንደገቡ አይታወቅም።

ቀና ስል አንዲቱ እያየችኝ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ከእኔ ስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ ከሁሉም ይልቅ የምወዳት ጓደኛዬ እሷ ነበረች። አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ቤት ውላ አድራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሴት ልጃቸውን ከአርባ ቀኗ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰዎቹ በሚመጣው ወር ጅቡቲን ለቅቀው ሊሄዱ ነው። ወረቀትሽን ጨርሰን እናስመጣሻለን ብለዋታል። የአንዷን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር፤ እጇ መሃል ላይ ቆሟል።

“እና ምን ሆነች?” አለችኝ።

ገጾቹ የሉም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መጽሐፉን ወደ ፊቴ አንስቼ፣ አንድ ያነበብኩት ገጽ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ መጨረሻውን ከራሴ አወጣሁት። ሮቦቷ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀች አልኩ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት መንኮራኩሩ ተመለሰ። ከደረጃው የወረደችው ያቺ ሕፃን ናት፤ አድጋ ወጣት ሆናለች። “አንቺን ልወስድ ነው የመጣሁት” አለቻትና እጇን ያዘቻት። ክፍሉ ውስጥ እፎይ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጓደኛዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ኩራት ተሰማኝ። መዋሸቴ ትዝም አላለኝ።

ሰዎቹ ሄዱ። ያኔ ማናችንም ስልክ ስላልነበረን የሰጠቻቸው ቁጥር ካርቲየ 5 ውስጥ የአንድ የድሬዳዋ ተወላጅ ነጋዴ ሱቅ ስልክ ነበር፤ ሰውዬው ጨርቅ ይሸጣል፣ ስልክም ያስደውላል። እሷም ስልኩ ሲጮኽ እንዲሰማት ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የሰው ልብስ እያጠበች መኖር ጀመረች። ሌላ ቤት ገብታ እንድታድር ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ ከስልኩ መራቅ አልፈለገችም። በመጀመሪያው ዓመት ልጅቷ በረዶ ላይ ቆማ የተነሳችው ፎቶ ያለበት ካርድ መጣላት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም።

በአራተኛው ዓመት አንድ ሰው ፈለጋት። ከወደቡ ጭነት እየጫነ ኮምቦልቻ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያገሯ ልጅ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር። እንደ ወጉ ሁለት ሸምገል ያሉ ሾፌሮችን ልኮ አስጠየቃት። አግብቻት አገሬ ይዣት እገባለሁ አለ። አርብ ዕለት እዚያችው ክፍል ውስጥ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

“ብሄድና ልጅቷ ብትደውልስ?” አለችኝ።

ቀጥላ ጠየቀችኝ፦

“ያቺ የመጽሐፉ ልጅ ስንት ዓመት ነበር የጠበቀችው?”

“አሥራ ሁለት።”

“እኔ ገና አራቴ ነው” አለች።

ያን ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ መጨረሻውን አላውቀውም ማለት ይቻል ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ሌሎቹ ሁሉ ይሰማሉ። ያነበብኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። እውነቱን ልናገር፤ ከማራገቢያው ሥር መነሳት አልፈለግሁም። እሷ ሽማግሌዎቹን በትህትና መለሰቻቸው። ሾፌሩ ከዓመት በኋላ አገሩ ሌላ አገባ።

ከዚያ ዘመኑ ሮጠ። ሁላችንም ሞባይል ያዝን። ነጋዴው የማስደወያ ሳጥኖቹን አፍርሶ የሞባይል ካርድ መሸጥ ጀመረ። የድሮው ስልክ ግን መደርደሪያው ላይ አቧራ እየጠጣ ቀረ፤ በኋላ መስመሩም ተቆረጠ። እሷ ከሱቁ ጀርባ አልወጣችም። አሥራ ሁለተኛው ዓመት ሲያልፍ እኔ ቆጥሬያለሁ። እሷም ሳትቆጥር አትቀርም። አላነሳነውም። ሰው በልብ ወለድ ሕይወቱን አያበላሽም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ።

እኔ ከሰው ቤት ወጥቼ አሁን አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ ያለውን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ለበሽተኛው ማድረስ ነው ሥራዬ። ክፉ ዜናም ቢሆን እንዳለ እናገረዋለሁ። ለባልደረቦቼ ይህን ያስተማረኝ ክሊኒኩ ይመስላቸዋል።

ከሰውዬው የገዛሁትን መጽሐፍ ይዤ ጋቦዴ ሰፈር ያለችው ቤቴ ገባሁና በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። እንዴት ያለ መናኛ መጽሐፍ ነው። መጪው ዘመን ብሎ የሚያወራለት ዓመት እኔ ጅቡቲ ሳልገባ ነው ያለፈው። የመንኮራኩሩ አዛዥ ፒፓውን እያጨሰ መንገዱን በእርሳስ ያሰላል። በከዋክብት መካከል እየበረሩ ስልካቸው ገመድ አለው። ሴቶቹ ወይ ይጮኻሉ ወይ ይወድቃሉ። የፕላኔቷ ነባር ነዋሪዎች ጥቁሮች ናቸው፤ ሰነፎች፣ ሌቦች፣ ቀኑን ጥላ ሥር ተኝተው የሚውሉ። ያን ቦታ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ምክንያቱም ያኔ ሳልዘል አንብቤላቸዋለሁ፤ ዘጠኝ ሆነን በእነዚያ ሰዎች ከልባችን ስቀናል። የሳቅነው በማን እንደነበር የገባኝ አሁን ነው፤ አፈርኩ። ቀድሞ ያላስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ፤ እመቤቲቱ ሮቦቷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን ደህና አደርሽ አላለቻትም።

ከዚያ ወደ አራቱ ገጾች ደረስኩ።

መንኮራኩሩ አይመለስም። ሮቦቷ ሦስት ዓመት ትጠብቃለች። አንድ ቀን የልጅቷን አልጋ አንጥፋ ስትጨርስ እጇን ታያለች፤ አሸዋ በልቶታል። መብራቱን ታጠፋለች። ቁልፉን ደጃፉ ላይ ካለው ምስማር ትሰቅለዋለች፣ ትሄዳለች። በቃ፣ አለቀ። ያ መናኛ ጸሐፊ፣ በሴትና በጥቁር እንዲያ ሲቀልድ የከረመው ሰው፣ ለሮቦቷ ከእኔ የተሻለ መጨረሻ ሰጥቷታል። እኔ አዝኜላት ደጃፍ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት አቆምኳት፤ እሱ ሳያዝን በሩን ከፈተላት። መጽሐፉን አስቀምጬ አለቀስኩ።

አርብ ካርቲየ 5 ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ፣ ጓደኛዬ ላስቲክ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ታጣጥፋለች። ጉልበቷን ስለሚያማት አሁን ሰው ሲገባ አትነሳም። ሽፋኑን ስታይ ፈገግ አለች።

“ያቺው ጯሂ ናት?”

“እሷው ናት። መጨረሻውን ላነብልሽ መጣሁ።”

“መጨረሻውን አውቀዋለሁ እኮ፣ እቴ።”

“አታውቂውም” አልኳት። “ያኔ ገጾቹ ረግፈው ነበር። እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኩት።”

የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። “ዳኮር” አለች በመጨረሻ፣ እሺ ለማለት። “እንግዲያው አንብቢዋ።”

አነበብኩላት። ክሊኒክ እንደማደርገው፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስጨርስ ከሱቁ በኩል የአንድ ደንበኛ ሞባይል ይጮኽ ነበር። ሁለታችንም እስኪያቆም ጠበቅን።

“የት ሄደች?” አለችኝ።

“አይልም።”

“የጻፈው ሰውዬም አላወቀማ።” ሸሚዙን መልሳ አነሳችው። “ስንት ዓመት ጠበቀች አልሽ?”

“ሦስት።”

“ሦስት” አለች። እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጠፈች፣ ኮሌታውን በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ያለ ቁጣ፣ “ያኔ ይህንን አንብበሽልኝ ቢሆን ሾፌሩን እሺ እለው ነበር” አለችኝ።

እሷ ደግ ናት፤ ሰው አታስከፋም። ስለዚህ “አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጅ ነበርሽ” እንድትለኝ ጠበቅሁ። የታጠፉትን ልብሶች በየባለቤታቸው ለያየች። ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን እየጠጣሁ ጠበቅሁ፤ ብርጭቆዬን አስቀምጬም ጠበቅሁ። ምንም አልጨመረችም።