ቋጠሮና የሚስቱ ሻንጣ

ቋጠሮን የማያውቅ ሰው መናኸሪያ ረግጦ አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጭን አንዲት ሳህን አልሰበረም። እኔ በዘመኔ ያላየሁት ጫኝ የለም፤ እንደሱ ገመድ የሚያስር ግን አላየሁም። አንድ ጊዜማ ቁም ሳጥን ከነመስታወቱ... እሱን እንኳ ተዉት፣ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ብቻ ሰውየው ፊደል አልቆጠረም እንጂ ሚዛኑ እጁ ላይ ነው። ብድግ ካደረገው ውስጡ ያለውን ይነግራችኋል።

ውጭ አገር ያለችው ትልቋ ልጁ በወለደች በወሩ፣ እሱ፣ ሚስቱና ታናሿ ልጁ ሊጠይቋት ተነሱ። የወረቀቱን ጣጣ የያዘችው ሚስቱ ናት፤ የምታነበው እሷ ናታ። የሱ ድርሻ ሻንጣ ማሰር ነው። መሄጃቸው ሲደርስ ሦስቱን ሻንጣ ሳሎን ደርድሮ በየተራ አነሳቸው። የራሱ ልክ ነው። የታናሿ ድንጋይ ነው። የሚስቱን ሲያነሳ ግን እጁ አየር ላይ ቀረ። ሻንጣው ሆዱ ተነፍቷል፣ ክብደት የሚባል ግን የለውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንድን ነው የከተትሽው?»

«ልብስ ነዋ። አንተ ደግሞ ሁሉን ካልመዘንኩ ትላለህ።»

«ልብስ እንዲህ አይቀልም። ጫማም የለበት። በባዶ እግርሽ ልትሄጂ ነው?»

«አባዬ፣ ተወው በቃ፣ ታክሲው ሊመጣ ነው» አለች ታናሿ፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

ዚፑን ሳበው። ሁለት ትራስ። ከስሩ የተጠቀለለ ስፖንጅ። ሌላ ምንም የለም። እዚያው ሻንጣው አጠገብ ዘጭ አለ።

«ከለከሉኝ» አለች ሚስቱ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ቪዛውን። ሦስት ሳምንቱ። ለእናንተ ሰጡ፣ ለእኔ እምቢ አሉ።»

«ወረቀቱን አሳይተሽኝ የለም እንዴ? ማኅተም ያለበትን?»

«እምቢ የሚለውም ማኅተም አለው።»

ያንን ወረቀት እኮ እንደታጠፈ በኪሱ ይዞ፣ መናኸሪያውን ሁሉ እየዞረ «ለሚስቴም ተፈቀደላት» ሲል ከርሟል።

«ብነግርህ ትሄድ ነበር?»

«ምን ሊያስኬደኝ።»

«ለዚህ ነዋ። ኤርፖርት በር ላይ ልነግርህ ነበር። ሰው ፊት እንደማትመለስ አውቅሃለሁ።»

«ልጅቷ የምትፈልገው አንቺን ነው» አለ። «እኔ ለአራስ ምን ልረባት? ሕፃን ማጠብ እንኳ አላውቅም። የራሴን ልጆችም አላጠብኩ።»

ሚስቱ ከሻንጣው አንዱን ትራስ አነሳችና ክንዱ ላይ አስተኛችው።

«እንግዲያው ተማር። አንገቱን በግራ እጅህ ደግፍ። ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ማዳበሪያ አደረግከው እኮ።»

ውጭ ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ። ስንቱን ኩንታል እንደ ላባ ያነሳው ክንድ፣ አንዲት ትራስ እንዳትወድቅበት ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ጀርባውንስ እንዴት ነው?» አላት።

«ቀስ ብለህ ገልብጠው» አለች። «ታክሲው ይጠብቃል።»