ድስት የምታዳምጠው አያንቲ

ኦይልዳውን የሚባለው ወጥ አይማሰልም፤ ይደረደራል። ከሥር የጨው ሥጋው፣ ከላዩ የዳቦ ፍሬ የሚሉት ትልቅ ፍራፍሬ ተሰንጥቆ፣ ከዚያ ጥሬ ሙዙ፣ ከዚያ በመዳፍ የተድቦለቦለው ሊጥ፣ በመጨረሻም የጎደሬ ቅጠል እንደ ብርድ ልብስ ይለብሳል። እርድ የገባበት የኮኮናት ወተት ይፈስበትና ይከደናል። ከተከደነ በኋላ ክዳኑን የሚያነሳ ሰው ባለጌ ነው። ታዲያ መድረሱ በምን ይታወቃል? በጆሮ ነዋ። ወተቱ እስካለ ድረስ ድስቱ ይንተከተካል፤ ወተቱ ተመጦ ከሥር ዘይቱ ብቻ ሲቀር ይንጨረጨራል። በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። የቸኮለ ሾርባ ይጠጣል፣ የዘገየ ከሰል ይበላል።

ግሬናዳ ውስጥ፣ በጉያቭ ከተማ፣ ያቺን ጊዜ እንደ አያንቲ ካዶር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አያንቲ ሠላሳ አንድ ዓመት በገውዝ መጋዘን ገውዝ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። የደረቀ ገውዝ ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ይንኳኳል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። አያንቲ አንድ እፍኝ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቅነቅ ታደርግና «ሦስቱ አልደረቁም» ትላለች። ሲሰበር ሦስት ነው። የመጋዘኑ ሹም አምስት ጊዜ ተወራርዷት አምስቱንም ጊዜ ተረትቷል።

እንግዲህ ይህችው ሴት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ጎረቤት በር ቢደበድብ የማትሰማ ሆና ነበር።

ነገሩ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በመጀመሪያ ዝናቡን በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ከመስማቷ በፊት በመስኮት ማየት ጀመረች። ቀጥሎ የገውዙን መንኳኳት በጆሮዋ ሳይሆን በመዳፏ ማወቅ ያዘች፤ አንዳንዴም ተሳሳተች። በ2004 ከባድ አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን የገውዝ ዛፎች ሲጥል መጋዘኑ ብዙ ሠራተኛ አሰናበተ፤ አያንቲም አብራ ወጣች። ሁሉም ሥራ ሲፈታ እሷ ለምን ሥራ ፈታች ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ከንፈር ማንበብን ራሷን በራሷ አስተማረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ደግሞ ባዳነቱን ከሰው ሁሉ ደብቆላት ነበር።

የደበቀችበት ምክንያት አንድ ነው፤ ቤቷ። ልጇ ኬርሊን የምትኖረው በዋና ከተማው ነው። አንድ ጊዜ መስማት የተሳናቸው አንድ ጎረቤት ምድጃ ላይ የጣዱትን ረስተው ኩሽናቸው ሲቃጠል፣ ኬርሊን እናቷን ፊት ለፊት እያየች «አንቺም እንዲህ ከሆንሽ አንድ ቀን እንኳ ብቻሽን ኮረብታ ላይ አታድሪም፤ ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ትገቢያለሽ» ብላለች። የልጅቱ የክርስትና እናት ደግሞ ዓሣ ሻጯ ሜርል ናት። የሜርልን አፍ ከመጠበቅ ውሃ በወንፊት ማሳደር ይቀላል።

ምስጢሩን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ፊሎሜን።

አራቱ ጓደኛሞች፣ አያንቲ፣ ፊሎሜን፣ ሜርልና ልብስ ሰፊዋ ኡራሊን፣ በየዓመቱ ኦገስት ወር በገባ የመጀመሪያው ሰኞ ለሚደረገው የጀልባ ውድድር በመርከብ ወደ ካሪያኩ ደሴት ይሻገራሉ። ሌስቴር መንደር ውስጥ የአንድ አስተማሪ ቤት ተከራይተው አራት ቀን ይሰነብታሉ። ሥራቸው ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ እስከ አንገታቸው ባሕር ውስጥ ተቀምጦ ሰው ማማት፣ ዶሚኖ መጫወትና ሮም የሚሉትን የሸንኮራ አረቄ መቅመስ ነው። ሰኞ አሸዋው ላይ ድስት ይጣዳል። አያንቲ ከድስቱ አጠገብ፣ ፊሎሜን በስተቀኟ ይቀመጣሉ። ድስቱ መንጨርጨር ሲጀምር ፊሎሜን ወሬዋን ሳታቋርጥ በእግሯ ጣት የአያንቲን ቁርጭምጭሚት ነካ ታደርጋለች። አያንቲም ጆሮዋን ቀና አድርጋ «አውርዱት!» ትላለች። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በ2011 ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ አርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፊሎሜን ልብስ በማስጣት ላይ ሳለች ወደቀች፤ በዚያው አረፈች። ገመዱ ላይ ሦስት አንሶላና አንድ የትራስ ልብስ ነበር። አራተኛው አንሶላ እጇ ላይ ቀረ።

በዚያ ዓመት አያንቲ ከጉዞው ለመቅረት ብዙ አሰበች። ግን ምን ብላ? «ድስቱን ማን ሊያዳምጥልን ነው?» አለች ሜርል፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

ቅዳሜ መርከቡ ላይ የሆነውን ነገር ማንም አላስተዋለም። አያንቲ የድስቱን ማማሰያ ይዛ ነበር፤ ስሙ ማማሰያ ይባል እንጂ አማስሎ አያውቅም፣ ሥራው ድርድሩን መጫን ነው። ከዘይቱና እንጨት የተጠረበ፣ ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ዘንቢል ውስጥ የማይገባ እንጨት ነው። ነፋሱ ባርኔጣዋን ሊወስድ ሲል በአንድ እጇ ባርኔጣውን፣ በሌላው ዘንቢሉን ያዘችና ማማሰያውን በጥርሷ ነከሰች። የማማሰያው ሌላኛው ጫፍ የመርከቡን ብረት ነካ።

ሞተሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ተነሳ።

ደንግጣ እንጨቱን አወጣችው፤ ጸጥታ። መልሳ ነከሰችው፤ ሞተር። አወጣችው። ነከሰችው። በየአሥር ምቱ አንዴ እንደ ሳል የምታቋርጠውን እንኳ ለየች። ሲወርዱ መርከበኛውን ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ሞተርህ ያስለዋል።»

ሰውየው ግራ ቀኙን አየ። «እማማ፣ ይህንን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነበርን! ለባለቤቱ እንዳይነግሩብኝ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አያንቲ ዕረፍት አጣች። እሑድ ጓደኞቿ ባሕር ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሷ ማማሰያዋን ይዛ ትዞራለች። የአልመንድ ዛፍ ግንድ ላይ አስደግፋ ነከሰች፤ ቅጠሉ ሁሉ ይንሾካሾካል። ወደ ባሕሩ የገባው ድንጋይ ላይ ሞከረች፤ ማዕበሉ ሲመታው ከሩቅ እንደሚመታ ከበሮ ነው። አሸዋ ላይ ብትተክለው ምንም የለም። ለምን? አሸዋ ድምፅ ይበላል ማለት ነው? እርጥቡንና ደረቁን እየለየች ሦስት ቦታ ተከለችው። የአስተማሪውን ቤት የውሃ ጋን አዳመጠችና ከውስጥ ጠብታ ሰማች፤ ቧንቧውን ብትነካው እውነትም ላልቶ ኖሯል።

«አንቺ!» አለች ሜርል ከውሃው ውስጥ፣ ደግነቱ ፊቷ ወደ አያንቲ ነበር። «ጥርስ ሊወጣልሽ ነው እንዴ? በስድሳ ሦስት ዓመትሽ?»

«ላንቺ የወጣልሽ ምላስ ይበቃናል» አለቻት አያንቲ።

ኡራሊን ሳቀች። ኡራሊን ሲናገሩ የምትስቅ እንጂ የምትናገር ሴት አይደለችም።

ሰኞ ጀልባዎቹ ሸራቸውን ነፍተው ሲወጡ ድስቱ ተጣደ። አያንቲ ደረደረች፣ ወተቱን አፈሰሰች፣ ከደነች። ማማሰያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ሁሉም ወደ ባሕሩ ያያል፣ ያኔ አንዴ ነክሳ ታዳምጣለች። ግን ሜርል ሮሟን ይዛ መጣችና በስተቀኟ፣ በፊሎሜን ቦታ፣ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የሆነ ሰው መቀመጥ ነበረበት።

ሜርል ስታወራ እግሯ አያርፍም። ሃያ ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የእግሯ ጣት የአያንቲን ቁርጭምጭሚት ነካ አደረገው።

አያንቲ አላሰበችም። ስድስት ዓመት የለመደ ሰውነት አያስብም። ብድግ አለችና «አውርዱት!» ብላ ክዳኑን አነሳች።

እንፋሎቱ ፊቷን ገረፈው። ከሥሩ ወተቱ ገና ቢጫ ባሕር ነው፤ ሊጡ እንደ ዳክዬ ይዋኛል።

«ክዳን ከፈተች!» አለች ኡራሊን። በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች።

«አያንቲ?» ሜርል ብርጭቆዋን አሸዋ ላይ አስቀመጠች። «ምን ነካሽ? አሞሻል? ይሄ'ኮ ገና ይንተከተካል፣ ይሄንን ጎረቤት ያሉትም ይሰማሉ!»

አያንቲ ክዳኑን መለሰችው። ሁለት መንገድ ብቻ ቀርቷታል፤ ወይ በግምት ታወርደዋለች፣ ካረረ ወይም ከቀጠነ ሜርል ነገ ጠዋት ለኬርሊን ትደውላለች፤ ወይም በሰው ሁሉ ፊት እንጨት ትነክሳለች። ከዚያ ተንበረከከች፣ የማማሰያውን ጫፍ የድስቱ ጆሮ ላይ አስደገፈችና ነከሰችው።

ድስቱን ሰማችው። በእግር ጣት የተነገራትን ሳይሆን ራሱን ድስቱን። ሊጡ ክዳኑን ሲጎሽም፣ የዳቦ ፍሬው ሲሰነጠቅ፣ ወተቱ ወፍራም ሆኖ ቡልቅ ቡልቅ ሲል። አንዴ ጉልበቷን አዛወረች እንጂ አፏን አላላቀቀችም። ቡልቅታው እየሳሳ ሄደ። ጀልባዎቹ ዞረው ተመለሱ፤ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እሷ ዞር አላለችም። ከዚያ በስተግራ በኩል፣ ከሥር፣ አንዲት ቀጭን ጭርርታ ተጀመረች። ወደ መሐል ሄደች። ወደ ቀኝ ሄደች።

«አሁን! አውርዱት!»

አወረዱት። የዳቦ ፍሬው በጣት የሚቆረስ፣ ከሥሩ ዘይቱ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም ያረረ ነገር የሌለበት ድስት ነበር።

ሜርል አፏን ሞልታ ጥያቄዋን ጀመረች። «እሺ፣ እንጨቱ ምንድን ነው?»

«አያቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«አያትሽማ አንድም ጥርስ አልነበራትም! ሙዝ ስጨፈልቅላት ያደግኩት እኔ አይደለሁ?»

አያንቲ ሳቀች፤ ሳቋም አልቆም አላት። ሌላ ውሸት መፈለግ ትችል ነበር፣ ውሸት ጠፍቷት አያውቅም። ነገር ግን ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ነበር። ሞተር ሰምታለች፣ ዛፍ ሰምታለች፣ ድንጋይና ጋን ሰምታለች። ሰውን አልሞከረችም። ለመሞከር ደግሞ የእንጨቱን ሌላ ጫፍ ለሆነ ሰው መስጠት አለባት፤ የሰጠች ዕለት ምስጢሩም አብሮ ይሄዳል። ቤቷን አሰበች፤ መስኮቱን፣ ቁልቁል የሚታየውን ባሕር። ከዚያ ማማሰያውን በቀሚሷ ጠረገችና ለሜርል ዘረጋችላት።

«ነክሺው።»

«ምን?»

«ያንን ጫፍ ነክሺና አውሪ።»

ሜርል ነከሰች። አያንቲም በበኩሏ ነከሰች። ሁለት አሮጊቶች አንድ አጥንት እንደያዙ ውሾች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሜርልም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት።

«ምን ልበል?» አለች በጥርሷ መሐል።

ድምፁ በእንጨቱ መጣ። የሜርል ነው፤ ግን አያንቲ የምታውቀው አይደለም። በትዝታዋ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ከገበያ ማዶ ሰው የሚጠራው፣ የአርባ ምናምን ዓመቷ ሜርል ድምፅ ነው። ይሄኛው የሻከረ፣ ትንፋሽ ያጠረው የአሮጊት ድምፅ ነው። አያንቲ ዓይኗን ጨፈነች። የምታስታውሰው የፊሎሜን ድምፅ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለማወቅ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ሜርል እንጨቱን ከአፏ አወጣች። የጓደኛዋን ፊት አየች፣ እንጨቱን አየች፣ ድስቱን አየች። ሞኝ አይደለችም።

«ሳትሰሚ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«ከአውሎ ነፋሱ በፊት ጀምሮ።»

«ፊሎሜን ታውቅ ነበር?»

አያንቲ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሜርል ፊቷን ወደ አያንቲ አስጠግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ «ለኔ አልነገርሽኝም» አለች።

«ላንቺ ብነግርሽ እስከ ማታ ሬዲዮ ያወራው ነበር።»

«ልክ ነሽ» አለች ሜርል። «አሁንም እንዳልናገር ብትለምኚኝ እንደማልችል እወቂው።»

«አልለምንሽም፤ ለኬርሊን ንገሪያት። ስትነግሪያት ግን ግማሹን እንዳታስቀሪ። ድስቱ እንዳላረረ ንገሪያት። የአስተማሪው ቧንቧ መላላቱን ማን እንዳወቀ ንገሪያት። የመርከቡንም ሳል ጨምሪ።»

«ቤቱን እሸጣለሁ ብትልስ?»

አያንቲ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እስቲ ትሞክረዋ!» ሜርል ብድግ አለች፣ ኬርሊን እዚያው አሸዋው ላይ የቆመች ይመስል። «ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ! አልጋሽን ከበሩ ጋር እናስጠጋለን፣ ይሄንን እንጨት በሩን አስነክተሽ ሌላውን ጫፍ ትራስሽ ሥር ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ማን አንኳኩቶ ነው የማትሰሚው? እኔ ደግሞ ዓሣ ይዤ ስወጣ ስወርድ...» እያለች ቀጠለች። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ስለነበር የቀረውን አያንቲ አልሰማችም።

በዚህ መሐል ኡራሊን ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና እየዘገመች መጣች። ሜርል የጣለችውን ጫፍ ከአሸዋው ላይ አንስታ በመሐረቧ ሁለት ጊዜ ጠረገችው። «ተራዬ ነው» የምትል ትመስላለች፤ ግን ምንም ሳትል ነከሰችው። አያንቲም የራሷን ጫፍ ነከሰች።

ኡራሊን አሰበች። ከዚያ ረጋ ባለች፣ ምንም ባላረጀች ድምፅ፦

«ሊጥሽ» አለች፣ «በየዓመቱ ጨው ያንሰዋል።»