የጋሼ ነፋስ አስር

ጋሼ ነፋስ ከፍታ ይፈራሉ። ትንሽ ያዞራቸዋል ማለቴ አይደለም። ቤታቸው አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው ሚስታቸው ናት፤ እሳቸው ወንበሩን ይይዛሉ፣ ያውም ዓይናቸውን ጨፍነው። እኚህ ሰው እንግዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖሩት ከሰባት ሺህ ሜትር በላይ ያለው አየር ምን እንደሚመስል ለሰው እየነገሩ ነው።

ቢሮአቸው ከተራራው ግርጌ ባለችው ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በጡብ የተደገፈ ወንበር፣ በቃ። ጠዋት ጠዋት ከግቢው መሣሪያ የታሰረበት ፊኛ ይለቃሉ። ፊኛው ሽቅብ እየወጣ የየከፍታውን ነፋስና ብርድ ይልካል። ያንን ከዋናው መሥሪያ ቤት ከሚመጣው ትንበያ ጋር ያስተያዩና በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የነገውን የጫፉን ነፋስ በጠመኔ ይጽፋሉ። አንድ ቁጥር ብቻ። ተራራ ወጪዎችን የሚያጅቡት መንገድ መሪዎች የሚፈልጉት እሱኑ ነው፤ ደንባቸው ነፋሱ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር ካለፈ ወደ ጫፍ አይኬድም የሚል ነውና።

ተራራው በዓመት አራት ጠባይ አለው፤ ሦስቱ መጥፎ ናቸው። በብርዱ ወራት ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ የሚነጉደው የነፋስ ወንዝ ጫፉ ላይ ተኝቶበት ይከርማል፤ በሰዓት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነፋስ፣ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ብርድ። ያን ጊዜ ጋሼ ቁጥር ለመጻፍም አይደክሙም። ሰሌዳው ላይ «አይሆንም» ብለው ይጽፉና ሦስት ወር አያጠፉትም። ዝናቡ ሲገባ ነፋሱ ይለግማል፤ ነገር ግን ከተማው ላይ ዝናብ የሆነው እዚያ ላይ በረዶ ነው፤ ሲከመር ሰንብቶ በአንድ ከሰዓት ናዳ ሆኖ ይወርዳል። ከዝናቡ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ለፎቶግራፍ የተሠራ ይመስላል፤ ቀኑ ግን እያጠረ ብርዱ በየሳምንቱ ይከፋል፣ የብዙ ሰው ጣት የሚቀረውም በዚያ በሚያምር ሰማይ ሥር ነው። የቀረው በብርዱና በዝናቡ መሀል ያለው ሦስት ሳምንት ነው። የነፋሱ ወንዝ ፈቀቅ ይልና አራት ወይ አምስት ደህና ቀን ይገኛል። ከተማው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው እነዚህን ቀኖች ነው። የትኞቹ እንደሆኑ የሚናገሩት ደግሞ ወንበር ላይ የማይወጡት ሰውዬ ናቸው።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት ጋሼ የመጣላቸውን ቁጥር እንዳለ ጻፉት፤ ሠላሳ። ሲጽፉት ትክክል ነበር፣ በማግስቱ ነፋሱ ሐሳቡን ቀየረ። የሚስታቸው ወንድም ያን ጊዜ ከመንገድ መሪዎቹ ሁሉ ጎበዝ የሚባል ወጣት ነበር። ሰው ይዞ ወጣ፤ ሰውየውን በደህና አወረደ፤ አራት የእጅ ጣቱን ግን ለብርዱ እዚያው ተወ። ከተማው ሳይውል ሳያድር «ባለስድስቱ» ብሎ ስም አወጣለት። ባለስድስቱ አንድም ቀን ጋሼን ወቅሶ አያውቅም። «ሰማይ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለና ጫማ መጠገኛ ከፈተ፤ በስድስት ጣት፣ በአስር ከሚሰፉት የተሻለ ይሰፋል። ወቅሷቸው ቢሆን ኖሮ ይቀላቸው ነበር። የጋሼን አንጀት የበላው ዝም ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ባገኙት ቁጥር ላይ አስር ይጨምራሉ። ሃያ ከመጣ ሠላሳ፣ ሠላሳ ከመጣ አርባ። ለማንም አልተናገሩም፣ ለሚስታቸውም ጭምር። ቤት ውስጥ ስኳር ተደብቀው በልተው እንኳ ፊታቸው ያጋልጣቸዋል፤ ሰሌዳው ላይ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሲዋሹ እጃቸው አንድ ጊዜም አላጋለጣቸውም።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ነገሩ ይከነክናቸው ጀመር። በዚያው ዓመት ደግሞ መንገድ መሪ የሆነችው የመጨረሻ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ቡድን ልትመራ ሆነ። ልጅቱ ከፍታ የሚባል ነገር አትፈራም፤ ይህን ከማን እንደወረሰች ቤት ውስጥ ክርክር አለ፤ ባለስድስቱ ግን አይከራከርም፣ ይስቃል ብቻ። የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋን እንዳዘለች ቢሮአቸው መጣች።

«አባዬ፣ እባክህ ጥሩ ቀን ስጠኝ።»

«ቀን የምሰጠው እኔ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ነው?» አለችና ግንባራቸውን ስማ ወጣች።

ጋሼ የሄደችበትን መንገድ ሲያዩ ቆዩ። የጫፏ ቀን ሲደርስ ይቺን ልጅ አልዋሻትም፣ ውሸትም ይዤ ከዚህ ቢሮ አልወጣም አሉ በልባቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልጅቱ ከቡድኗ ጋር ከጫፉ በታች ያለው የመጨረሻው የድንኳን ሰፈር ላይ በደረሰች ማግስት፣ ለነገው የመጣው ቁጥር አርባ አምስት ሆነ። የጋሼ እጅ እንደ ልማዱ ሃምሳ አምስት ሊጽፍ ሄደ። መለሱትና አርባ አምስት ጻፉ። አርባ አምስት ከአርባ ይበልጣል፤ ማንም አይወጣም። እውነትም ተነገረ፣ ልጅም ድንኳኗ ውስጥ ትውላለች። እንዲህ ቅልል ብሏቸው አያውቅም፤ ምሳቸውን በልተው ትንሽ አፏጩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለስድስቱ የተጠገነ ጫማቸውን ይዞ ገባ። በየቀኑ ቀትር ላይ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ሱቁ ውስጥ ባለው የመንገድ መሪዎች ማኅበር ሬዲዮ ተራራው ላይ ላሉት የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ጋሼ» አለ።

«በምን?»

«ልጅህ ነገ ጫፍ ላይ ናት። አሁን ነው ያነጋገረችኝ፤ ሲመሽ ትነሳለች።»

«ወዴት ነው የምትነሳው? አርባ አምስት ብዬ ጽፌያለሁ እኮ!»

«አዎ፣ ሠላሳ አምስት።»

«አርባ አምስት!»

«እኮ፣ ሠላሳ አምስት» አለ ባለስድስቱ፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚያስረዳ ጮክ ብሎ።

ጋሼ ያቺ በጡብ የተደገፈች ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አስሯን ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ጀማሪዎቹን የማስተምረው እኔ ነኝ። ገመድ አያያዝ፣ በረዶ አረጋገጥ፣ ከዚያ ከጋሼ ቁጥር ላይ አስር መቀነስ።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትለኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? በእኔ ጣት የጀመርከው ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ይሉኝታ የለኝም?»

እንዲህ ነው እንግዲህ። እሳቸው በፍቅር ሲጨምሩ፣ እነሱ በአክብሮት ሲቀንሱ፣ ቁጥሩ ሃያ ስምንት ዓመት ልክ ሲመጣ ኖሯል። የተበላሸው ጋሼ እውነት የተናገሩ ቀን ነው።

ጋሼ ሬዲዮውን ከፈቱ። በዚያ መስመር የሚናገሩትን የየሰፈሩ መንገድ መሪ ሁሉ ይሰማል፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ይሰማል። ያውቃሉ፤ ግን ልጃቸው ሻንጣ እየሸከፈች ነው።

«ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«አባዬ! እሰማሃለሁ።»

«አትውጪ። ነፋሱ አርባ አምስት ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሠላሳ አምስት።»

«አይደለም! ሃያ ስምንት ዓመት በየቀኑ አስር እየጨመርኩ ስዋሻችሁ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን አልጨመርኩም።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ልጅቱ መለሰች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሐዘኔታ አለ።

«አባዬ፣ እኔ ስለሆንኩ ፈርተህ ነው አይደል? ይኸው ደመናው ከታች እየመጣ ነው፤ ነገ ካልወጣን ዝናቡ ይገባና ዓመት መጠበቅ ነው። ሰዎቹን ምን እላቸዋለሁ?»

ጋሼ አሁን ቢምሉ ማን ያምናቸዋል? ሃያ ስምንት ዓመት ያለ መሐላ የዋሹ ሰው ናቸው። ባለስድስቱ ማውሪያውን በዚያ ሁለት ጣት ብቻ በቀረው እጁ ተቀበላቸው።

«አጎትሽ ነኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ቆሜ በዓይኔ እያየሁት ነው፤ አርባ አምስት ይላል። እኔ ጣቴን የሰጠሁት በሠላሳ ነው።»

«እሺ። አንወጣም» አለች። ሬዲዮው ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ፊኛቸውን ለቀው ሲገቡ ባለስድስቱን ሱቁን ሳይከፍት እዚያው ተቀምጦ አገኙት። ሁለቱም ስለ ጫማው አወሩ። ጫማው ላይ ብዙ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ግን አወሩ። ሬዲዮው ሲነቃ መጀመሪያ የመጣው ጩኸት ነው፣ ሸራ የሚቀደድ የሚመስል ጩኸት፤ ከውስጡ የልጅቱ ድምፅ ወጣ።

«አባዬ።»

«አቤት፣ ልጄ።»

«ሁላችንም ደህና ነን። ድንኳኑን በሰውነታችን ተጭነን ይዘነዋል። ነፋስ መለኪያውን አሁን በበሩ አውጥቼ ያዝኩት።»

«ስንት አለ?»

«ሃምሳ አምስት። አባዬ፣ አስሯ ራሷ መጣች።»

ስቃ ይሁን አልቅሳ ነፋሱ አላስለየም። ጋሼ ጠመኔ አነሱ፤ ሰሌዳውን አጠፉና ሃምሳ አምስት ጻፉ፤ ከሥሩ ደግሞ በትልቁ «አትቀንሱ» አሉበት። ከዚያ ሰሌዳው ሥር እንደቆሙ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየ አለቀሱ። ባለስድስቱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ይሉኝታ አለበት።