ከሸኮ የመጡት ባለጉዳይ

ሚዛን ተፈሪ ፍርድ ቤት፣ ችሎት በቪዲዮ በሚታይበት ክፍል ውስጥ፣ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። የፕላስቲክ ጫማቸው የሸኮን ጭቃ ይዟል፤ ነጠላቸው ግን እንደ እሑድ ጠዋት ንጹሕ ነው። በአባታቸው የቡና መሬት የተነሳ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ይካሰሳሉ። እሱ የሚቀርበው ከአዲስ አበባ ነው።

«መጀመሪያ ሽማግሌዎች ዛፍ ስር አስቀመጡን፤ አልሆነም» አሉኝ። «ከዚያ በትልቁ ቴሌቪዥን ሆነ፤ ፕላዝማ ይሉታል። አሁን ደግሞ በዚህች በትንሿ። ሰባት ዓመት በአካል አላየሁትም።»

ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ በስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ዳኛ እያየ ይናገራል። እሳቸው ስማቸው ሲጠራ ቆመው እጅ ነሱና ዓይናቸውን በስክሪኑ ጥግ ላይ ተከሉ። ወንድማቸው እዚያ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይታያል።

ፍርዱ ተነበበ። መሬቱ ለእሳቸው ተወሰነ። ምስሉ ሲጠፋም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«ከስቷል» አሏት ጸሐፊዋን። «አንገቱ አልቋል። ታሞ ይሆን?»

«እማማ፣ እርስዎ ረትተዋል እኮ። መሄድ ይችላሉ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ።» የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ መልሰው ፈቱት። «አንዴ መልሰሽ ልታመጪው አትችዪም?»

ጸሐፊዋ እንደማይቻል ነግራቸው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራች። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝና፣

«ቁጥሩን ያኔ ክሱ ሲጀመር በንዴት አጥፍቼዋለሁ» አሉኝ። «ፈልገህ ታወጣልኛለህ?»