ከክሬሰንት ታውን እስከ ሐይቁ ዳር፦ ዘርጋውንና ካፖርቱን ይዞ መሮጥ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ክሬሰንት ታውን

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹን ለሥራ ብቻ ነበር የምጠቀምበት፤ ጡረታ ስወጣ መለስኩላቸው።

ቅዳሜ ነው፣ የካቲት። ጎህ ሲቀድ ከአስራ አራተኛ ፎቅ ወርጄ የሕንፃው መግቢያ ላይ ቆሜያለሁ። ውጭው ከዜሮ በታች አስራ አንድ ነው። ነፋሱ ሲጨመርበት አስራ ዘጠኝ ይሆናል ብላኛለች ልጄ ሰናይት። ስለ አለባበስ ሳምንቱን ሙሉ ስታስተምረኝ ነው የከረመችው። «አባዬ፣ ስትወጣ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። ከቤት ስትወጣ ከሞቀህ፣ ኋላ ላብ በላብ ትሆናለህ፤ ላቡ ደግሞ ይቀዘቅዝብሃል። ጥጥ እንዳትለብስ!» ብላኛለች። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ የነገሩኝን ግን እሰማለሁ። ከሥር ላብ የማይዝ ስስ ካናቴራ፣ በላዩ ቀለል ያለ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የሚመልስ ስስ ጃኬት ለብሻለሁ። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። በቃ።

ጓደኛዬ ዘርጋው ከአሳንሰሩ ወጣ። ምን ልበላችሁ። ሁለት የጥጥ ካናቴራ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ከዚያ በላይ ያ ካፖርቱ። ጥቁር ነው፣ የሱፍ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። እዚህ አገር በገባ በመጀመሪያው ክረምት ብሉር መንገድ ላይ ከልባሽ ልብስ ቤት የገዛው ነው።

«ዘርጋው፣ ልንሮጥ እኮ ነው።»

«ታዲያ በረዶ ላይ ራቁቴን ልሩጥልህ?»

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ዘርጋው በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱ ሰባ ሦስት፣ እኔ ሰባ አንድ። አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እኔ ቀን እሱ ማታ ሆነን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተናል። ጡረታ ስንወጣ ዶክተሩ ለሁለታችንም ተንቀሳቀሱ አለን፣ እኛም መሮጥ ጀመርን። በየክረምቱ ሐይቁ ዳር የሚደረግ የአስር ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ደንቡ ዘጠና ደቂቃ ነው። ከዘጠና ደቂቃ በኋላ የገባ ሰው ሜዳሊያውን ይወስዳል፣ ስሙ ግን ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዘርጋው ሁለት ዓመት ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ የሚከተለው መኪና ነው ለቅሞ ያመጣው። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ሻይ አብረውን የሚጠጡ ሰዎች «ተሳፋሪው» ይሉታል። ይስቃል፤ ግን አውቀዋለሁ፣ ሆዱ ገብቷል። በሚያዝያ ወር ልጁ ዘንድ ለመኖር ጠቅልሎ ኤድመንተን የሚባል ሩቅ ከተማ ይሄዳል። «ስሜ አንዴ ወረቀት ላይ ይውጣና ልሂድ» አለኝ። እኔም «ይዤህ እገባለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። አምና በሰማንያ ስምንት ደቂቃ ገብቻለሁ። ፍጥነት የለኝም፤ ያለችኝን ግን አልጨምርም፣ አልቀንስም። ለአንድ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ደቂቃ፣ አስር ጊዜ። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ አራተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰውም አይከብድም።

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ

ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ።

«ግባ» አልኩት።

«ቅደም አንተ።»

«ታላቄ ነህ እኮ፣ ግባ።»

«ኧረ በማርያም!»

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሄደ። ሁለታችንም መድረኩ ላይ ቆመን የሚሄደውን ባቡር እናያለን። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ በመስኮት እያየችን ሳቀች። ከተዋወቅን ጀምሮ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ እንዲህ እንዳደረገኝ ነው! የሊቀ መንበር በር ይመስል።

የሚቀጥለው ቆይቶ መጣ። ኪል ጣቢያ ስንወርድ ወደ ሐይቁ የሚወስደው አውቶቡስ ጥሎን ሄዷል። ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ የእኛው ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ደረታችን ላይ የተለጠፈውን ቁጥር በመስታወት አይቶ ዞረ።

«አባባ፣ ሬስ ነው? ዊን ያደርጋሉ አይደል?»

«የመጨረሻ ላለመውጣት ነው» አልኩት።

«እንዴ! ሐበሻ ሆነው? አያሰድቡን እንጂ!»

ዘርጋው ካፖርቱን ሰብስቦ «አንተ ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ?» አለው።

«እኔማ ድራይቭ ነው የማደርገው።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ንዳ።»

ልጁ እየሳቀ ነዳ። ስንወርድ አስራ አራት ዶላሩን አልቀበልም ብሎ እምቢ አለ። ዘርጋው ደግሞ በመስኮት ሊወረውርለት፣ እሱ መልሶ ሊወረውር፣ ሌላ አምስት ደቂቃ ሄደ። እኔ እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወደ ሰማይ አያለሁ።

ሦስት ሰዓት፣ የሐይቁ ዳር

ሐይቁ ጠርዙ ላይ በረዶ ሠርቷል፣ መሀሉ የእርሳስ ብረት ይመስላል። መንገዱ ተጠርጓል፣ ጨው ተነስንሶበታል። ስድስት መቶ ያህል ሰው እየዘለለ ራሱን ያሞቃል። እንዲበርደን ሰባ ዶላር የከፈልን ሰዎች ነን።

ከሁላችንም ኋላ አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ቀጭን ልጅ ረጅም እንጨት ይዛ ቆማለች፣ ጫፉ ላይ «90» ተጽፏል። ፔሰር ይሏታል። እሷ ሳትጨምር ሳትቀንስ ሮጣ ልክ በዘጠና ደቂቃ ትገባለች። ከእሷ ፊት የሆነ ሁሉ ይድናል፣ ከእሷ ኋላ የመኪናው ነው።

«ከዚች ልጅ አጠገብ እንሁን» አልኩት።

«ዱላ የያዘች ልጅ እንድትነዳኝ? በግ ነኝ?» አለና ሄዶ መሀል ገባ።

ፊሽካው ተነፋ። ስንሄድ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ነፋሱ ከጀርባችን። ዘርጋው ሄደ! ካፖርቱ እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ይመታል። «ቀስ! ኧረ ቀስ!» እያልኩ እከተላለሁ። የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ ሄድናት።

«ዘጠኝ ነው ያልኩህ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ነፋሱ ነው የገፋኝ።»

«ስንመለስ ይኸው ነፋስ ፊትህን አይመታህም?»

«የዚያን ጊዜ እናያለን።»

ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከአንገቱ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። እንደ ጀበና። ካፖርቱን አወለቀ። መንገዱ ዳር ሰው የጣለው ጓንት፣ ሹራብ፣ ጃኬት ተከምሯል፤ ሲሞቃቸው እየጣሉት ያልፋሉ፣ በጎ ፈቃደኞች ይሰበስቡታል።

«እዚያ ጣለው» አልኩት።

«ካፖርቴን? መሬት ላይ?»

«ለድሃ ነው የሚሰጡት፣ ጽድቅ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ቆሞ ሊጠቀልለው፣ ወገቡ ላይ ሊያስረው ታገለ። እጅጌው እየተፈታ ይረግጠዋል። ደቂቃው ይሄዳል። በመጨረሻ ነጥቄው ብብቴ ሥር ያዝኩት። እናንተ፣ የሱፍ ካፖርት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ታውቃላችሁ? እኔ አሁን አውቃለሁ።

አራት ሰዓት ገደማ፣ መመለሻው

አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በአርባ ሁለት ደቂቃ ዞርን። ሦስት ደቂቃ ትርፍ አለን። ዘርጋው «አየህ?» አለኝ። ዞር ስንል ነፋሱ ጥርሱን አወጣ። እንባ ዓይናችን ላይ ይቀዘቅዛል፣ የዘርጋው ጢም ነጭ ሆነ፣ ከሽበቱ የማይለይ። የጥጥ ካናቴራው ላቡን ጠጥቶ ጠጥቶ አሁን በቅዝቃዜ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ሰናይት ያለችው አንድ በአንድ ደረሰ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

«ካፖርቴን አምጣ» አለ።

ሰጠሁት፣ ምን ላድርግ። ለበሰው፤ ነፋሱ ደግሞ ካፖርቱ ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሰባተኛው ላይ ስድሳ ሁለት ደቂቃ። ስምንተኛው ላይ ሰባ ሁለት፣ ትርፉ አለቀ። ዘጠነኛው ምልክት ጋ ሳንደርስ ባለ እንጨቷ ልጅ በአጠገባችን «ጉድ ጆብ፣ ጉድ ጆብ!» እያለች አለፈችን። ምልክቱ ጋ ሰዓቴን አየሁ፣ ሰማንያ ሁለት። አንድ ደቂቃ ዘግይተናል። ከኋላችን የመኪናው ቢጫ መብራት እየዞረ ይመጣል።

ዘርጋው መሮጡን ተወና መራመድ ጀመረ።

«አንተ ሂድ» አለኝ። «ያንተ ስም ይውጣ። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ለመንኩት። ገፋሁት። አልሰማ አለ። ዞሮ መኪናውን እንኳ አየው፣ ሙቀቱ ሳይናፍቀው አልቀረም። የዚያን ጊዜ አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ የማያውቀውን፣ ሰው ሲለውም የምቆጣበትን ቃል አወጣሁት።

«ደህና ግባ እንግዲህ፣ ተሳፋሪው።»

ቆመ። አየኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። «አንተም?» አለ። ካፖርቱን አውልቆ ፊቴ ላይ ወረወረውና ሮጠ። እኔ ያለችኝን አልጨምርም ያልኩት ሰውዬ ካፖርት ታቅፌ እየጨመርኩ ተከተልኩት። ደረቴ ይቃጠላል። ዘርጋው ወገቡን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ይሮጣል። ልጅቷን ከነ እንጨቷ አለፍናት።

አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል፣ መግቢያው

መግቢያው ላይ ጥቁር የላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። እሱን የረገጠ ገባ ማለት ነው። ከላዩ ትልቁ ሰዓት ሰማንያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይላል። አርባ ሰከንድ አለን። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ዘርጋው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመ። ዞረ። እጁን ዘረጋ።

«ቅደም።»

«ምን?»

«ካፖርቴን ተሸክመህ፣ ሰድበህም ቢሆን ያመጣኸኝ አንተ ነህ። አንተን ቀድሜ አልገባም።»

«ዘርጋው ግባ! ሰዓቱ!»

«በሚካኤል አልገባም። ቅደም።»

«አንተ ሰውዬ ልትገድለኝ ነው?»

ግራና ቀኝ የቆመው ፈረንጅ «ጎ! ጎ!» እያለ ይጮኻል። እነሱ ደክሞን የቆምን መስሏቸዋል። በር ላይ እየተገባበዝን እንደሆነ በምን ቋንቋ ይነገራቸዋል? ሰዓቱ አርባ ሰባተኛው ሰከንድ ላይ ደረሰ። ብገፋው ወድቆ ይሰበራል። አርባ ዘጠኝ። እጄ ላይ ያለውን አየሁ፤ ካፖርቱን ጠቅልዬ በምንጣፉ ላይ አሳልፌ ወረወርኩት። ጨው የቀላቀለ ጭቃ ውስጥ ዘጭ አለ።

«ካፖርቴን!» ብሎ ዘርጋው ተከትሎት ዘለለ። ሰዓቱ ሃምሳ ሦስት ላይ ምንጣፉን በሁለት እግሩ ረገጠ። ገባ። ገብቷል። ማዶ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን እያራገፈ ይሰድበኛል፤ መግባቱን እንኳ አላወቀም።

እኔም ልገባ እግሬን ሳነሳ ከጎኔ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ባለ እንጨቷ ልጅ ናት፣ ጉንጯ ቀልቷል። መንገዱ ጠባብ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ።

«ቅደሚ ልጄ» አልኳት።

ቀደመች። ልክ ዘጠና ደቂቃ። እኔ አራት ሰከንድ ቆይቼ ገባሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ባቡሩ ውስጥ

ሁለታችንም አንገታችን ላይ ሜዳሊያ አለ። ሙዝና ዳቦ ሰጥተውናል፤ ዳቦው ወተት ይኑርበት አይኑርበት ማንም ስላላወቀ፣ ጾምም ስለሆነ፣ ለአንዲት ልጅ ሰጠነው። ዘርጋው የረጠበውን ካፖርት ለብሶ ከስልኩ ጋር ይታገላል። ስፓዳይና ስንደርስ ዝርዝሩ ወጣ።

«አለሁ!» አለ። ስልኩን ወደ ፊቴ አመጣው። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ተሳስቶ፣ ስሙ አለ። ከዚያ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ፣ እንደገና ወደ ላይ።

«አንተ የታለህ?»

«እኔ የለሁም።»

«እንዴት የለህም?»

ነገርኩት። ከዚያ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸ፦ «እኔን ግባ እያልክ ስትጮህ ቆይተህ የፈረንጅ ልጅ ታስቀድማለህ? ሥራዋ እኮ ነው! ለመግባት ደሞዝ የሚከፈላት ልጅ!»

«በነጻ ነው የምታገለግለው።»

«ዝም በል! ቅደም ስልህ ብትቀድም ኖሮ ሁለታችንም እንገባ ነበር።»

ቀኑን ሙሉ ስማረርበት የዋልኩት ነገር ለካ እኔም ላይ አለ።

ስድስት ሰዓት፣ ክሬሰንት ታውን

እግሬ እንጨት ሆኗል። የሕንፃው መግቢያ ይሞቃል። ከአንዱ ቤት ወጥ ይሸታል፣ ሽሮ ይመስለኛል። አሳንሰሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። ዘርጋው ቆመ። ሜዳሊያውን ከካፖርቱ በላይ አውጥቶታል። እጁን አልዘረጋም፣ ቅደም አላለኝም፣ ያየኛል። «አንተ ግባ» የምትለዋ ቃል እስከ ከንፈሬ ድረስ መጣች። ዋጥኳትና ገባሁ።

ተከትሎኝ ገባ። አስራ ሁለትን ተጫነ፣ ለእኔም አስራ አራትን ተጫነልኝ። ሰባተኛ ፎቅ እስክንደርስ ሁለታችንም ቁጥሩን ስናይ ነበር።

«ዛሬ እንኳ ቀደምከኝ» አለ።