ክር አልቆርጥ ያሉ ጥርሶች

መጀመሪያ ነገሩን ያሳወቀኝ ክር ነው። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ክር የምቆርጠው ደግሞ በጥርሴ ነበር፣ ለአንድ ክር ማን መቀስ ሲፈልግ ይውላል። አንድ ቀን ነከስኩት፣ አልተቆረጠም። ደገምኩ። በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቼ መሃል ሾልኮ ወጣ። መስታወት ፊት ቆሜ የመንጋጋ ጥርሶቼን ገጠምኩ፤ የፊቶቹ አልተገናኙም። በክፍተቱ ውስጥ ምላሴ፣ ባሮ ዳር ጥላ እንዳገኘ ሰው፣ ዘና ብሎ ተጋድሟል።

ከዚያ በኋላ ማንጎ እንኳ በጎን ነበር የምነክሰው። ደንበኛ ሲመጣ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሳቅ የምወድ ሰው ነበርኩ፤ ቀነስኩ።

መፍትሔ ያልኩት ምን መሰላችሁ? የታች የፊት ጥርሶቼን ማስነቀል። እኛ አኝዋኮች ዘንድ ድሮ ልጅ ከፍ ሲል የታች የፊት ጥርሱ ይነቀል ነበር፤ የእናቴም ተነቅሏል። እኔም ባስነቅል ሰው "ባህሏ ነው" ብሎ ያልፈኛል አልኩ። ለእናቴ ነገርኳት። ዓሣ እያጸዳች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እነዚህን ጥርሶች እንዳይነኩብሽ ብዬ ከአባቴ ጋር ተጣላሁ። ሳንታረቅ ሞተ።"

አላውቅም ነበር። እሷ ቢላዋዋን አንስታ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። አፈርኩ።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ውሃ ሰጠኝና "ዋጪ" አለኝ፤ ከንፈሬን ገለጥ አድርጎ እያየ።

"ስትውጪ ምላስሽ ጥርሶችሽን ወደ ፊት ይገፋል። ተንግ ትረስት ይባላል። ክፍተቱ ኦፕን ባይት ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትውጪ አስቢው። ጥርሱን ብነቅለው ምላስሽ ሌላ የሚገፋው ያገኛል።"

አፍንጫዬ ይታፈን እንደሆነ፣ በአፌ እተነፍስ እንደሆነም ጠየቀኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለች ጥርስ አስተካካይ ሐኪም፣ ኦርቶዶንቲስት ወደሚሏት፣ ላከኝ። እሷም ብሬስ የሚባለውን የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ አሰረችልኝና አስጠነቀቀችኝ፦ "ብሬሱ ጥርስሽን ይመልሳል። ምላስሽ ካልታረመ ግን እንደገና ይከፈታል።"

ምላስን ማረም ማለት መዋጥን እንደ አዲስ መማር ነው፤ እሷው አሳየችኝ። የምላሴን ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርሴ ጀርባ ካለው የድድ ጉብታ ላይ፣ ጥርሱን ሳይነካ፣ አሳርፋለሁ፤ የመንጋጋ ጥርሶቼን እገጥማለሁ፤ ከንፈሬን ሳልጨብጥ እውጣለሁ። አመሻሽ ላይ እናቴና እኔ አንድ ኮዳ ውሃ ይዘን ባሮ ዳር እንቀመጥና፣ ወንዙ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ሙቀቱም ከምድር ሲነሳ፣ እየተጎነጨሁ እውጣለሁ፣ እሷም በባዶው የታች ድዷ ልሞክረው ትልና ውሃው አገጯ ላይ ሲፈስ ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። እንዲህ እንዲህ እያለ በሕልሜም እውጥ ጀመር፤ ባሮን በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨሁ፣ ምላሴ በቦታው፣ ወንዙም የማያልቅ። ስነቃ ምላሴን ላንቃዬ ላይ ሳገኘው ደስ አለኝ።

ሁለት ዓመት ፈጀ። አሁንም ስተኛ ጥርሶቼን በቦታቸው የሚይዝ ሪቴይነር አደርጋለሁ።

ልጃችሁ ሲውጥ ምላሱ በጥርሶቹ መሃል ብቅ የሚል ከሆነ፣ ቋሚ ጥርሶቹ ከወጡም በኋላ ካልተወው፣ አትቆጡት፤ አሳዩት። በልጅነት ይቀላል። ትልቅ ሰው ከሆናችሁም አልረፈደም፣ ልምምዱን ብቻ አትዝለሉ። እኔ አንድ ክረምት ሰንፌ ክፍተቱ ሊመለስብኝ ነበር። ለመንቀል ያልቸኮለውን ሐኪም፣ መዋጥ ያስተማረችኝንም ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ክር በጥርስ መቁረጥ ግን ተከልክያለሁ፤ መቀስ ገዛሁ። ብሬሱ የወለቀ ሰሞን ብቻ፣ ለእናቴ ቀሚስ ስሰፋ፣ መቀሱን ከእጄ ወሰደችና ክሩን ወደ አፌ አስጠጋችው። ነከስኩት። ብጥስ አለ።

እናቴ ጫፉን አየችው፣ አየችው።

"ድገሚው" አለችኝ።

ደገምኩላት።